ጋሽ ደበላና አንዲት «ተ»

የጋሽ ደበላን ሞት የነገረኝ ሰው አይደለም፤ ቴሌግራም ነው። የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ላይ እንዲህ የሚል ነገር ተለጥፎ አገኘሁ፦ «የቀ/ባልደረባችን ረ/ፕ ደበላ ከዚህ ዓ/ም በሞት ስለተለዩ ሥ/ቀብራቸው ነገ ባ/ሲ ይፈጸማል።» እንባዬ ከመምጣቱ በፊት ንዴቴ ቀደመ። እንዴ! ዓ/ም ዓመተ ምሕረት ነው ወይስ ዓለም? ሰውየው የተለዩት ከዘመን አቆጣጠሩ ነው? ባምባሲን የሚያህል አገርስ እንዲህ መቁረጥ ምን የሚሉት ስንፍና ነው? አፌ አያርፍምና ሥሩ ላይ «ይሄን የጻፈ ሰው አያፍርም?» ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር። መሀል ላይ ስማቸውን መልሼ አነበብኩት፤ የሞቱት እኮ ጋሽ ደበላ ናቸው። የጻፍኩትን አጥፍቼ፣ ማስታወቂያውን ከነአባታቸው ስም፣ አንድም ቃል ሳልቆርጥ እንደገና ጻፍኩትና ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ደበላ አሶሳ እኛ ዘንድ፣ የዩኒቨርሲቲው የጤና ጥናት ክፍል ውስጥ፣ የስታትስቲክስ ሰው ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ባምባሲ ነው፤ ቤተሰባቸው ከወለጋ የመጣ፣ ጸሎት ሳይደረግ እህል የማይቀመስበት የወንጌላውያን ቤት። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ በአሶሳ ሙቀት የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈው የሚውሉ ሰው ነበሩ። የተማሪ መመረቂያም ሆነ የእኛ የጥናት ጽሑፍ ወደ ጆርናል ከመላኩ በፊት በእሳቸው እጅ ያልፋል። ማለፍ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወረቀት ላይ አያርሙም። ጸሐፊውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ጽሑፉን ከርእሱ እስከ ምስጋናው ድረስ ጮክ ብለው ያነባሉ። እንዲህ ሲያነቡ ምን እንደሆነ ያልተነገረ ምኅጻረ ቃል ካጋጠማቸው ንባቡን ቀጥ ያደርጉታል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ በሩ ላይ እንግዳ የቆመ ይመስል ቀና ብለው «ኩን ኤኙ?» ይላሉ። በኦሮምኛ «ይሄ ማነው?» ማለት ነው።

መልሱ እስኪመጣ ንቅንቅ የለም። ጸሐፊው ራሱ ምን ለማለት እንዳሳጠረው የሚጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል ማየት ነው። እኛም ከኋላቸው «ኩን ኤኙ» የሚል ቅጽል ስም አወጣንላቸው። ሰምተዋል። «ሙሉውን እስከጠራችሁት ድረስ ግድ የለኝም» አሉን።

«ፍሬሕይወት» ይሉኝ ነበር፣ ከጎናቸው ተቀምጬ ስጽፍ፣ «ሰው ቤት ስትገቢ ስምሽን ሳትናገሪ ዘው ብለሽ ትቀመጫለሽ? ይሄም እንግዳ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ስሙን ተናገሪ፤ አጭሩን አጠገቡ በቅንፍ አስቀምጪ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በቁልምጫ ብትጠሪው ማንም አይቆጣሽም።» አጠቃሎውን፣ ያቺን ከጽሑፉ አናት የምትቀመጠውን አጭር አንቀጽ ማለቴ ነው፣ ለብቻዋ አጥር እንዳላት ቤት ነበር የሚያይዋት። ብዙ አንባቢ ከእሷ አያልፍም። ስለዚህ እዚያ የተዋወቀ ቃል ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ርእስ ላይ ማሳጠር ፈጽሞ ክልክል ነው። በጠቅላላው ጽሑፍ ውስጥ አንዴ ወይ ሁለቴ ለሚመጣ ቃል ምኅጻረ ቃል ያበጀ ሰው ካገኙ ደግሞ «ለአንድ ቀን እንግዳ አልጋ ታሠራለህ እንዴ?» ይሉታል። ቲቢን ግን ይምሯታል። «ቲቢን ማን ያስተዋውቃታል? አገር ምድሩን አዳርሳዋለች!» ብለው ይስቃሉ።

እኔን እናቴ ሳትቀር «ፍሬ» ነው የምትለኝ። እሳቸው አንድም ቀን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም። «ፍሬ ብቻማ ይሄም ፍሬ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ የግቢያችንን ማንጎ በአገጫቸው እያሳዩ። ነገረኛ ነበሩ ቢሏችሁ አትመኑ፤ ቀልደኛ ነበሩ።

አንዱን ላውራችሁ። እኛ ጥናት ስንሠራ ሁለት ቅጂ ነው የምናዘጋጀው፤ ለጆርናሉ በእንግሊዝኛ፣ ለክልሉ በአማርኛ። ጋሽ ደበላ የአማርኛውን ነበር አስቀድመው የሚያነቡት፤ «ነገሩ የተነሣው በአማርኛ ነው፤ ስሕተቱም ያለው እዚያው ነው» ይላሉ። አንድ የመመረቂያ ተማሪ «ጤ.ተ.» የምትል ነገር ፈጠረ። ገጽ ሦስት ላይ ጤናማ ተሳታፊ ናት። እየቆየ ረሳውና ጤና ተቋም አደረጋት። ጋሽ ደበላ ሳይስቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በመጀመሪያው ትርጉም እያነበቡለት ሄዱ፦ «ከተጎበኙት ጤናማ ተሳታፊዎች መካከል አብዛኞቹ ጣሪያቸው ያፈሳል። መጸዳጃቸው በር የለውም። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ናቸው።» ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ኖሮ፣ «ዝግ ናቸው» ሲሉ ራሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔማ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ «በል አሁን ለየብቻቸው ስም ስጣቸው» ብለው ወረቀቱን መለሱለት።

እንዲህ ስነግራችሁ ሁልጊዜ የምወዳቸው ይመስላል። ኧረ ያበግኑኝ ነበር! ጽሑፍ መላኪያ ቀን ደርሶ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እሳቸው አንዲት ፊደል ይዘው ይቆማሉ። በሆዴ ስንቴ «አሁንስ አበዙት» ብያለሁ።

ከሁሉም የከፋው የቲቢው ጥናት ጊዜ ነው።

ጥናቱ የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ቤታቸው ወስደው ሲውጡ ይጨርሱታል ወይስ መንገድ ላይ ይተዉታል የሚል ነበር። ከአሶሳ፣ ከሸርቆሌና ከቡለን ጤና ጣቢያዎች ነው መረጃው የተሰበሰበው። መሪው ዶክተር ሙባረክ ነበር፤ የአሶሳ ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ፣ ፈጣን፣ ጎበዝ፣ ጋሽ ደበላን እንደ መምህሩ «ኡስታዝ» እያለ የሚጠራ። ውጤቱ ሲወጣ አሶሳና ሸርቆሌ ደህና ሆኑ። ቡለን ግን መድኃኒት አቋራጩ በዛ። ስለዚህ ሙባረክ የምክር ሐሳቡን ጻፈ፦ ቡለን ላይ መድኃኒት ለቤት መስጠት ይቁም፤ ታካሚው በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየመጣ ነርስ ፊት ይዋጥ።

ወረቀት ላይ ሲያዩት ይሄ ቀላል ነው። ቡለንን ለሚያውቅ ግን ሌላ ነው። ማሳው ከጤና ጣቢያው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገበሬ በየማለዳው እየተመላለሰ ክኒን ሊውጥ? በእርሻ ሰዓት? ለወራት? ይሞክራል፣ ይደክመዋል፣ ይተወዋል። ቲቢን መሀል ላይ የተወ ሰው ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል። የክልሉ ሰዎች ውጤቱን ይዘው ለመወሰን እየጠበቁን ነበር። ጆርናሉም ጽሑፉን የምንልክበትን የመጨረሻ ቀን ቆርጦልን ነበር። የጋሽ ደበላ የራሳቸው ጉዳይም ነበረበት፤ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን አንድ ጽሑፍ ጎድሏቸው፣ ይሄ ይውጣልኝ ብለው ሲጠብቁ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ደርሷል።

ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ሙባረክንና እኔን ቁጭ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሠንጠረዡ ላይ ደረሱ። «ዳ» ዳነ፣ «ሞ» ሞተ፤ እነዚህን አለፉ። ቀጥሎ «ተ» መጣች። መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ።

«ኩን ኤኙ?»

«ተቋረጠ ነው፣ ኡስታዝ» አለ ሙባረክ። «ከሠንጠረዡ ሥር ተጽፏል እኮ።»

«ከሥር የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ፊደሏንስ?»

«ከየጤና ጣቢያው ነው የመጣችው። የአሶሳዎቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ተቋረጠ ማለታችን ነው ብለውኛል። ሸርቆሌዎቹም እንደዚያው።»

«ቡለኖቹስ?»

ሙባረክ ሳቀ። «ወላሂ ኡስታዝ፣ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?»

ጋሽ ደበላ አልሳቁም። «ልጄ፣ ‹ተ› እኮ የአማርኛ ግማሽ ናት። ሰው ላይ የሚደርስበት ነገር ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው። ተወለደ ትላለህ፣ ተዳረ ትላለህ፣ ተበደለ ትላለህ፣ ተቀበረ ትላለህ። አንተ የትኛዋ እንደሆነች በምን አወቅህ?»

ቡለን መረጃውን የሰበሰበችው ሲስተር እቴነሽ ናት፤ የዚያው አገር ሺናሻ፣ የጽሑፉም አንዷ ጸሐፊ። ያ ክፉ የግጭት ጊዜ ቡለን ያለችበትን መተከልን ሲያናውጥ ጤና ጣቢያውን ሳትለቅ የሠራች ሴት ናት። ደወልንላት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም።» እንደገና ደወልን፤ ያው። ከሰዓት በኋላም ያው። በማግስቱ፣ መላኪያው ቀን፣ ማለዳም ያው። ኔትወርክ የለም።

ሙባረክ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኡስታዝ፣ ዛሬ እኮ ነው የሚዘጋው! እንላከው፤ ስሕተት ካለው በኋላ እናርመዋለን።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» አሉ ጋሽ ደበላ። «አቋራጭ የሚል ስም ከወጣለት በኋላ ያንን ገበሬ ማን ያርምለታል? እሱ ጆርናል አያነብ፤ እንዲህ ተብለሃል ብሎ የሚነግረውም የለ።»

«የእርስዎስ ማዕረግ? እኔ ለእርስዎም ብዬ እኮ ነው!»

ይሄን ሲል ፊታቸው ትንሽ ተለዋወጠ። ዓይኔ እያየ ነው። የእጅጌያቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ። «ማዕረጉንማ እፈልገዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አልዋሽህም፤ ባለቤቴም ትጠብቀዋለች። ግን የማላውቀውን ሰው ስም አጉድፌ አልቀበለውም። መላክ ካለበት ስሜን አውጡና ላኩት።»

የእሳቸው ስም ከወጣ ጽሑፉ አይሄድም፤ አማካሪው እሳቸው ናቸውና። ሙባረክ በሩን ወርውሮ ወጣ። ያን ቀን እኔም ከሙባረክ ጋር ነበርኩ፣ በሆዴ። ለአንዲት ፊደል ይሄ ሁሉ! ቀኑ አለፈ፤ ጆርናሉም በሩን ዘጋብን። ሙባረክ ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደበላን በሰላምታ እንኳ አልፎ መሄድ ጀመረ። አንድ ቢሮ ውስጥ እየዋላችሁ ሰላም አለመባባል ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ «እንደምን አደርክ፣ ሙባረክ» ማለታቸውን አልተዉም። መልስ ሳያገኙም ይሉታል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል የጋሽ ደበላ ስልክ ጮኸ። እቴነሽ ናት። ኔትወርክ ካለበት ቦታ ስትደርስ ጥሪያችንን ሁሉ አይታ ደንግጣ ነው። ጋሽ ደበላ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። ሙባረክ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ የማይሰማ መሰለ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? በደህና ነው? ምነው እንዲህ ፈለጉኝ?»

«ደህና ነኝ፣ እቴነሽ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? አገሩስ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የታካሚው መጨረሻ የሚለው ቦታ ላይ ‹ተ› ብለሽ የሞላሽው ምን ለማለት ነው?»

«ተፈናቀለ ነዋ!» አለች፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ጋሼ፣ ያን ሰሞን እኮ እኛ ሌላ ቃል አልነበረንም።»

ሙባረክ ከኮምፒዩተሩ ቀና አለ።

«መድኃኒቱንስ?» አሉ ጋሽ ደበላ። «ተዉት?»

«ማን ይተዋል፣ ጋሼ! እህሉን ጥሎ፣ ከብቱን ጥሎ የወጣ ሰው ክኒኑን በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ነው የሄደው። ያለቀበት በደረሰበት ጤና ጣቢያ ካርዱን እያሳየ ተቀብሏል። አገር ሲረጋጋ ሲመለሱ እኔው ነኝ አክታቸውን የመረመርኩት። ያልጨረሱ የሉም አልልም፤ አሉ። አብዛኞቹ ግን ጨርሰው፣ ድነው ነው የመጡት። ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ?»

ጋሽ ደበላ መልሱን እሳቸው ሊሰጡ ይችሉ ነበር። አልሰጡም፤ ስልኩን ወደ ሙባረክ ገፋ አደረጉት። ሙባረክ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ሲስተር… እኛ አቋርጠዋል ብለን ነው የጻፍነው።»

«ማ? እነሱ?» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ድምፅዋ ተሰበረ። «እንዲህ ብላችሁ ላካችሁት?»

«አልላክነውም» አለ ሙባረክ። «ኡስታዝ ከለከሉን።»

ስልኩ ሲዘጋ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አጎንብሶ የጋሽ ደበላን ጉልበት ሊስም ሲል ትከሻውን ያዙት። «ተው እንጂ፤ የኔን ስም አይደለም ልታጠፋ የነበረው። ይልቅ ወንበር ሳብና እንሥራው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።» ምሳ የበላ የለም። «ተ» የተባሉትን ሁሉ እቴነሽ ከምታውቀው ጋር አንድ በአንድ አስተያየናቸው። የተፈናቀለ ለብቻው ሙሉ ቃሉ ተሰጠው፤ ጨርሶ የተመለሰ ከዳነው ጋር ገባ፤ በእውነት ያቋረጠም ያቋረጠ ተባለ። የቡለን ቁጥር ከሌላው የማይለይ ሆነ። ሙባረክ የምክር ሐሳቡን ራሱ ሰርዞ አዲስ ጻፈ፦ ቡለን ላይ መድኃኒት ለቤት መስጠት ይቀጥል፤ የሚፈናቀል ሰው የትም ቢደርስ የሚቀበልበት መንገድ ይበጅለት። ለክልሉም ይሄንኑ ራሱ ቆሞ አስረዳ፤ አሠራሩም ሳይነካ ቀረ።

ጽሑፉ ሌላ ጆርናል ላይ ታተመ፤ ግን እንደ አዲስ ገብቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቆይቶ ነው። ጋሽ ደበላን ጡረታ ቀደማቸው። ተባባሪ ፕሮፌሰር ሳይባሉ፣ ረዳት እንደሆኑ ወጡ። የስንብታቸው ቀን «ይቆጭዎታል፣ ጋሼ?» አልኳቸው፤ እኔ መቼም ሰው የማይጠይቀውን ነው የምጠይቀው። «ይቆጨኛል እንጂ» አሉኝ። «ሰው ነኝ እኮ፣ ፍሬሕይወት።» ይሄን ያሉኝ ጊዜ አንጀቴን በሉት። ጻድቅ መስለው ቢያልፉኝ ኖሮ እንዲህ አልወዳቸውም ነበር።

ባምባሲ ለልቅሶ ስንሄድ ድንኳኑ ሞልቶ ፈስሷል። የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪዎች በኦሮምኛ ይዘምራሉ፤ ሙባረክ ከወንዶቹ ጋር ተነሥቶ ሰው ያስተናግዳል፤ የበኩር ልጅ ነበር የሚመስለው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ እቴነሽ ደረሰች። ከቡለን እዚያ ድረስ፣ አቧራ ለብሳ፣ ተሳፍራ ወርዳ ተሳፍራ። ብቻዋን አልነበረችም። ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበር፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የት እንደሚቀመጥ የጠፋው ሰው። ማንም አያውቀውም።

የጋሽ ደበላ ታላቅ እህት፣ ያቺ ቁርጥ እሳቸውን የምትመስል አሮጊት፣ አየችውና እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው» አለችው። «ለወንድሜ ምኑ ነህ?»

ሰውየው ወደ እቴነሽ አየ። እቴነሽ ራሱ እንዲናገር ተወችው።

«ምናቸውም አይደለሁም፣ እማማ» አለ። «በዓይኔም አይቻቸው አላውቅ። ያኔ ከቤቴ ስሸሽ መድኃኒቱን ትቷል ሊባልብኝ ነበር አሉ፤ እሳቸው ሳልጠይቅ አልልም ብለው፣ ማዕረጋቸውን አጥተውበታል አለችኝ ሲስተር። እውነት ነው እማማ፤ አልተውኩም። እየሸሸሁም ውጬዋለሁ። እሳቸው ያሉት ልክ መሆኑን ሬሳቸው ባለበት ልመሰክር ነበር የመጣሁት፤ አልደረስኩም።»

አሮጊቷ እጁን አልለቀቀችም። «ለእኔ መስክር» አለችው።